ወንድ የሚፈትልባት መንደር



በጋሞ ደጋ ያደገ ሰው ጥጥና ድር ሳያይ አላደገም። ከጨንቻ እስከ ዶርዜ፣ ከዚያም አልፎ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሽመና የሕዝባችን መታወቂያ ነው። ታዲያ አንድ ነገር ልብ በሉ። እንዝርቱን የምታሾረው ሴት ናት፤ እግሩን ከጉድጓዱ አስገብቶ መወርወሪያውን የሚወረውረው ወንድ ነው። ይህን ደንብ ያወጀ የለም፤ የሚያፈርሰውም የለም። ወንድ ልጅ ከአባቱ ይማራል፣ ሴት ልጅ ከእናቷ ትቀበላለች፣ እንዲያው ከጥንት የተፈጠረ ሕግ ይመስላል።

እዚሁ አገራችን ውስጥ ይህ ደንብ የማይሠራባት አንዲት መንደር አለች። ወንዶቿ ይፈትላሉ፤ ሴቶቿ ይሸምናሉ፣ በሬ ጠምደውም ያርሳሉ። ከአርባ ምንጭ ተነስታችሁ፣ አዲስ አበባን አልፋችሁ፣ ዓባይን ተሻግራችሁ ባሕር ዳር ብትደርሱ፣ ከዚያም በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ጥቂት ብትጓዙ ታገኟታላችሁ። በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ የምትገኝ ሲሆን ስሟ አውራ አምባ ነው።

የዚህችን መንደር ታሪክ የማቀርብላችሁ እንግዳ ነገር ስለሆነ ብቻ አይደለም። እኛ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2ንና ምዕራፍ 4ን ደጋግመን እናነባለን፤ ሁሉን በጋራ ስለያዙት የመጀመሪያዎቹ አማኞችም እንሰብካለን። አውራ አምባ ውስጥ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለም። ነገር ግን እኛ የምንሰብከውን አንዳንዱን ነገር እነሱ ሃምሳ ዓመት ኖረውታል። ይህ ነገር ሊያሳስበን ይገባል።

ጥያቄ የበዛበት ልጅ

የመንደሯ መሥራች አቶ ዙምራ ኑሩ ናቸው። በደቡብ ጎንደር እስቴ አካባቢ ከሙስሊም ገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ፤ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድልም አላገኙም። ራሳቸው ለብዙ እንግዶች እንደተረኩት፣ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያስጨነቋቸው ጥያቄዎች ነበሩ። እናትና አባት እርሻ ላይ አብረው ውለው ማታ ይመለሳሉ። አባት ያርፋል። እናት ግን ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ወጥ ትሠራለች፣ ልጅ ታዝላለች፣ የባሏን እግር ታጥባለች፤ አንዱ ቢጓደል ደግሞ ትሰደባለች፣ ትመታለች። ልጁ የእናቱ ጉልበት ከአባቱ የተለየ ሆኖ አልታየውም፤ ታዲያ ሥራው ለምን እጥፍ ሆነባት?

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሥጋ ነበር። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። ሁሉን የፈጠረው አንድ ከሆነ ጎረቤታሞች በአንድ ማዕድ የማይቀርቡት ለምንድን ነው? ከዚህም ሌላ፣ ጉልበታቸው የደከመ አረጋውያን ጧሪ አጥተው ሲንገላቱ፣ ሠራተኛው ሲበደልና ሲዋሽ፣ ሲሰረቅም ያይ ነበር። ለራሳችን እንዲደረግብን የማንወደውን ለምን በሌላው ላይ እናደርጋለን እያለም ይጠይቅ ነበር።

መልስ የሰጠው አልነበረም። ቤተሰቡ ልጁ አእምሮው ተነክቷል ብሎ ደመደመ። ዙምራ በጉርምስናቸው ከቤት ወጥተው ሐሳባቸውን የሚጋራ ሰው ፍለጋ ለዓመታት ከአገር አገር ተንከራተቱ። ኋላም ተመልሰው እያረሱ፣ የእርሻ ሥራ ሲቀዘቅዝ እየዞሩ ሐሳባቸውን ማካፈላቸውን አልተዉም። በመጨረሻ በፎገራ የሚሰሟቸውን ገበሬዎች አገኙ። በ1964 ዓ.ም. ከሌሎች 19 ሰዎች ጋር ሆነው አብረው መኖር ጀመሩ።

ዓመተ ምሕረቱን አስተውሉት። ንጉሠ ነገሥቱ ገና በዙፋናቸው ላይ ናቸው፤ አብዮቱ የሚፈነዳው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ስለ እኩልነት በከተማ ተማሪዎች ወረቀት ይበትኑ ነበር፤ ዙምራ ግን ወረቀቱን ማንበብ የማይችሉ ሰው ነበሩ። ሐሳቡ ከእናታቸው ድካም እንጂ ከመጽሐፍ አልመጣም።

ሐሳቡ በዓለም ላይ

እንዲህ ያለ ማኅበር ለመመሥረት የሞከሩት የአውራ አምባ ሰዎች የመጀመሪያዎቹ አይደሉም። እንግሊዛዊው ቶማስ ሞር እ.ኤ.አ. በ1516 ሁሉም በጋራ የሚሠራባትንና የግል ሀብት የሌለባትን ደሴት በመጽሐፍ ፈጥሮ «ዩቶፒያ» አላት። ቃሉ ከግሪክ የተገኘ ሲሆን «የትም የሌለ ስፍራ» ማለት ነው። በስሙ ውስጥ ፌዝም ሐዘንም አለበት።

ሦስት መቶ ዓመት ቆይቶ ሮበርት ኦዌን የተባለ የፋብሪካ ባለቤት ሐሳቡን በተግባር ላውለው ብሎ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1825 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ኒው ሃርመኒ የተባለችውን መንደር ገዛና በሩን ለሁሉ ከፈተ። ብዙ ሰው ጎረፈ። ሊቁም ሰነፉም፣ ሠራተኛውም ተናጋሪውም ገባ። ገበሬና የእጅ ባለሙያ ግን አነሰ፤ ማን ምን እንደሚሠራ መስማማት አቃታቸው፤ ኦዌን ራሱም አብዛኛውን ጊዜ በመንገድ ላይ ነበር። ሙከራው ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ፈረሰ።

ሌላ ምሳሌ ደግሞ እንመልከት። በተሐድሶው ዘመን አናባፕቲስት ከተባሉት አማኞች አንዳንዶቹ እ.ኤ.አ. በ1528 በሞራቪያ ያላቸውን በአንድ ልብስ ላይ ዘርግተው በጋራ መኖር ጀመሩ። ሁተራውያን ይባላሉ፤ በአገራችን የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ከዚሁ ከአናባፕቲስት ቤተሰብ ናት። መሪያቸው ያዕቆብ ሁተር እ.ኤ.አ. በ1536 ኢንስብሩክ ላይ በእሳት ተቃጥሎ ተገደለ። ማኅበሩ ግን ከእሱ ጋር አልሞተም። ከአገር አገር እየተሰደደ እስከ ዛሬ በካናዳና በአሜሪካ በብዙ መቶ መንደሮች ይኖራል። አንድ መንደር ወደ 150 ሰው ሲጠጋ ለሁለት ይከፈላል፤ ምክንያቱም ከዚያ በላይ ከሆኑ ለሁሉም የሚበቃ ሥራ አይኖርም፣ ሰውም ከሰው ጋር መተዋወቁ ይቀራል።

ሁለቱን አነጻጽሩ። ኦዌን ገንዘብና ዕውቀት ነበረው። ሁተራውያን ምንም አልነበራቸውም፤ ግን አንድ ያደረጋቸው እምነት፣ የተጻፈ ሥርዓትና አብረው የተቀበሉት መከራ ነበራቸው። አውራ አምባን የምንመዝነው በዚህ ሚዛን ነው።

በግድ የመጣ እኩልነት

ደርግ ሥልጣን ሲይዝ መሬት ላራሹ ታወጀ። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ገበሬው በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲደራጅ ተገፋ። አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ «መልባ» እና «ወልባ» የሚሉትን ቃላት ያስታውሳሉ። መጀመሪያ መሬቱ፣ ቀጥሎ በሬውና ሞፈሩ የጋራ ይሆናል፤ ገበሬውም በሠራው ሥራ ልክ ነጥብ ይያዝለታል። በወረቀት ላይ ሲታይ አውራ አምባ ከምትኖረው ብዙ የራቀ አይመስልም።

እንግዲያው መንግሥት አውራ አምባን አይቶ ደስ ሊለው ይገባ ነበር ትሉ ይሆናል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ጎረቤቶቻቸው ከመጀመሪያውም በጥርጣሬ ያዩአቸው ነበር። ሴቷን ያሳርሳሉ፣ በዓል አያከብሩም፣ ከማንኛውም ሃይማኖት አይደሉም ተባሉ፤ ዛቻም ደረሰባቸው። በኋላም ለመንግሥት ተቃዋሚዎች ይረዳሉ ተብለው ተከሰሱ፤ አቶ ዙምራም ታሰሩ። በመጨረሻ በ1980ዎቹ መጀመሪያ መንደሩን ጥለው ሸሹ። እስከ ከፋ፣ ቦንጋ ድረስ ተሰደዱ። በስደቱ ረኃብና በሽታ ብዙዎችን ፈጀ።

ወጣቶች፣ ይህ ዘመን ለእኛም ሩቅ አይደለም። በእነዚያው ዓመታት በደቡብ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበር። ምእመናን በየቤቱ በድብቅ ይጸልዩ ነበር፤ ብዙዎች ታስረዋል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገድለዋል። የእኛ አባቶችና የአውራ አምባ ሰዎች በእምነት አንድ አልነበሩም። ሁለቱም ግን በመንግሥት ያልተደራጀን ኅብረት የማይታገሥ አንድ ሥርዓት አሳደዳቸው።

የካቲት 1982 ዓ.ም. ላይ መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ አወጀ፤ ገበሬው ከፈለገ ከማኅበሩ እንዲወጣም ተፈቀደለት። ገበሬው አንድም ቀን አላደረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በብዙ ስፍራ ማኅበራቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፈረሱ፤ በሬው ወደየባለቤቱ ተመለሰ፣ መሬቱም ተከፋፈለ። በአዋጅ የቆመው በአዋጅ ወደቀ። የአውራ አምባ ሰዎች ግን በስደት ላይ ሆነው፣ መሬትም በሬም ሳይኖራቸው አልተበተኑም። በፈቃድ የተገባበትን ኅብረት ድህነት እንኳ በቀላሉ አይፈታውም።

አሥራ ሰባት ሄክታር ተኩል

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1985 ዓ.ም. ገደማ ተመለሱ። መሬታቸውን ግን ሌሎች ይዘውት አገኙት። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ የተሰጣቸው 17.5 ሄክታር ብቻ ነበር፤ እሱም ለምነቱ ያነሰና ወባ የሚበዛበት ነው። በጋሞ ደጋ መሬት እንዴት እንደሚጠብብ ስለምታውቁ ይህ ቁጥር ይገባችኋል። በዚህ መሬት ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በእርሻ ብቻ ሊኖሩ አይችሉም።

ስለዚህ ወደ ሽመና ዞሩ። ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። በዚያ አገር ሸማኔ፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ የሚናቁ ነበሩ፤ ጨዋ የሚባለው ሰው የሚያርስ ነው። እነሱ ግን ሥራ ሁሉ ሥራ ነው ብለው ስለጀመሩ የሚያሳፍራቸው አልነበረም። ሸሙ፣ ወፍጮ አቆሙ፣ ነገዱ። ቀስ በቀስ መዋዕለ ሕፃናት፣ ቤተ መጻሕፍትና የአረጋውያን መኖሪያ ሠሩ። የንቀት ምክንያት የነበረው ሥራ የመንደሩ ምሰሶ ሆነ። ዛሬ ወደ 500 የሚጠጋ ሕዝብ አላት፤ ሊማርም ሊጎበኝም የሚመጣው እንግዳ ብዙ ነው።

ኑሯቸው በሥርዓት የተያዘ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባላት ሥራ የሚመደብላቸው በጾታ ሳይሆን በችሎታ ነው፤ የዓመቱ ገቢም እኩል ይከፋፈላል። ከሳምንቱ አንዱ ቀን የሚሠራው ለተቸገሩ ነው፤ የዚያ ቀን ገቢ ለአረጋውያን፣ ለሕሙማንና አሳዳጊ ለሌላቸው ልጆች ይውላል። በየቤቱ ቤተሰብ በየጊዜው ይሰበሰባል፤ በዚያ ስብሰባ ልጅ አባቱን መተቸት ይችላል። ቤተሰብ ያልፈታውን ጠብ ለዚሁ የተመረጠ ኮሚቴ ያየዋል። ሰርግ ድግስ የለውም። ሰው ሲሞት ጥቂቶች ይቀብራሉ፣ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል፤ ተዝካር የለም። ሰው በሕይወት እያለ እንርዳው፣ ከሞተ በኋላ ገንዘብ ማፍሰስ ምን ይጠቅመዋል የሚል ነው ሐሳባቸው።

የምንለያይበትና የምንማርበት

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። የአውራ አምባ ሰዎች አንድ ፈጣሪ እንዳለ ያምናሉ፤ የጸሎት ቤት ግን የላቸውም፣ ከዘመን መለወጫ በቀር የሃይማኖት በዓልም አያከብሩም። ሃይማኖት ለእነሱ መልካም ሥራ ነው፤ ፈጣሪ በሁሉ ስፍራ ካለ የተለየ ቤት አያስፈልገውም ይላሉ።

እኛ ከዚህ እንለያለን፤ መለየታችንንም ልንደብቅ አይገባም። የኢየሩሳሌም አማኞች ያላቸውን የሸጡት የእኩልነት ደንብ ስለወጣ አልነበረም። የሞተው ጌታ ተነሥቷል፤ መንፈስ ቅዱስም በልባቸው ፈሷል፤ እጃቸው የተዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው። የሰው ልብ በጸጋ ካልተለወጠ በቀር መልካም ሥርዓት ብቻውን አያድነውም ብለን እናምናለን። የሐናንያና የሰጲራ ታሪክም እዚያው አጠገቡ የተጻፈው በከንቱ አይደለም፤ በጋራ ማዕድ ላይ እንኳ ልብ ሊዋሽ ይችላል።

ነገር ግን ምዕራፍ 6ንም እናንብብ። በዚያች በመንፈስ በተሞላች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩ መበለቶች ከዕለት እርዳታው ተዘነጉ፤ ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያቱ ጉዳዩን በጸሎት ብቻ አላለፉትም። ሰባት ሰዎች አስመርጠው ኃላፊነት ሰጡ። ፍቅር ሥርዓት እንደሚያስፈልገው ቤተ ክርስቲያን ከአውራ አምባ በፊት አውቃዋለች፤ ብዙ ጊዜ ግን እንረሳዋለን።

ወደ ራሳችን አገር ልመልሳችሁ። ጋሞ የራሱ የኅብረት ሀብት አለው። ዱቡሻ ላይ ተቀምጦ የመመካከር፣ በደቦ የመሥራትና ጠብን በሽምግልና የመፍታት ልማድ አለን። በመስከረም 2011 ዓ.ም. አባቶቻችን አርባ ምንጭ ላይ እርጥብ ሣር ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበርክከው የበቀልን እሳት ሲያጠፉ መላው ኢትዮጵያ አይቷል። የላንቴና የጫኖ ሙዝ አምራቾችም በኅብረት ሥራ ማኅበር ምርታቸውን ለገበያ ያቀርባሉ። አብሮ መሥራት ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም።

ነገር ግን ይህችው ጋሞ «ማና» እና «ደጋላ» እያለች ሸክላ ሠሪውንና ቆዳ ፋቂውን ከማዕድ፣ ከጋብቻና ከመሬት ያራቀች አገርም ናት። ወንጌል ሲመጣ ይህ ግድግዳ መፍረስ ነበረበት። በአንዳንድ ስፍራ ፈርሷል። በሌላው ስፍራ ግን በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አብረን ዘምረን፣ ጋብቻ ሲነሣ የዘር ሐረግ እንቆጥራለን። አውራ አምባ የተናቀውን ሥራ አክብራ ኖራበታለች። እኛ ከሸክላ ሠሪው ጋር በአንድ ጌታ ደም ተዋጅተናል እያልን የልጁን እጅ ለመጨበጥ የምናመነታ ከሆነ፣ በምን አፋችን ስለ ኢየሩሳሌም አማኞች እንሰብካለን?

ሌላም አለ። በወጣቶች ኮንፈረንስ ጊዜ ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለው ወጥ ቤት ብቅ በሉ። ሽንኩርት የሚልጠው ማነው? ትልቁን ድስት የሚያጥበው ማነው? ትምህርቱን ሳይሰሙ ሦስት ቀን ጭስ ውስጥ የሚውሉት እህቶች ናቸው፤ ወንድሞች የድምፅ ማጉያ ያስተካክላሉ፣ ወንበር ይደረድራሉ፣ ከዚያም ቁጭ ብለው ይማራሉ። አንድ ትምህርት ቤት ያልገባ የእስቴ ልጅ በእናቱ ላይ ያየውን ነገር፣ መጽሐፍ ቅዱስ በእጃችን ይዘን በእህቶቻችን ላይ ሳናየው ዓመታት አልፈዋል።

የሥራ ጉዳይም አለ። ብዙዎቻችሁ በማኅበር ተደራጅታችሁ ብድር ወስዳችሁ ወይም ለመውሰድ አስባችሁ ይሆናል። እንዲህ ያሉ የወጣት ማኅበራት ብዙ ጊዜ የሚፈርሱት ገንዘቡ ሳያንስ ነው። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ስሙን ብቻ ያስመዘግባል፤ ሒሳቡ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቅሬታ ሲኖር ለፊት ከመናገር ይልቅ ከጀርባ ይታማል። ኒው ሃርመኒም የፈረሰችው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። አውራ አምባ ግን ሥራን በግልጽ መደበች፣ ትርፍን በግልጽ ከፈለች፣ ጠብ ሳይበስል የሚናገሩበት ስብሰባ አበጀች። እነዚህን ሦስት ነገሮች ለማድረግ ካፒታል አያስፈልግም።

የአውራ አምባ ታሪክ አላለቀም። በአንድ ሰው ሐሳብ የቆመ ማኅበር የሚፈተነው ሐሳቡን ያልወለዱት ልጆችና የልጅ ልጆች ሲረከቡት ነው። ሁተራውያን ይህን ፈተና አልፈዋል፤ ብዙዎች ወድቀዋል። የእኛም ፈተና ያው ነው። በደርግ ዘመን በየጓዳው የጸለዩት አባቶችና እናቶች ያላቸውን እንጀራ ተካፍለው እምነቱን አስረክበውናል። የተቀበልነውን መዝሙር እናውቀዋለን፤ እንጀራ መካፈሉን ግን ምን ያህል እንደያዝን በየኅብረታችሁ ተነጋገሩበት። ስትነጋገሩም ከቀላሉ ጀምሩ፤ ለሚቀጥለው ኮንፈረንስ የወጥ ቤቱን ተራ በወረቀት አውጡ፣ የወንድሞችን ስም ከላይ ጻፉት።